መቀስና የደነዘዙት ጣቶቿ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈርተኛው «መቀስ» ይላታል፤ ለሥራዋ ይሁን ለምላሷ ደፍሮ የጠየቃት የለም። ጨርቅ ዳሰስ አድርጋ ያረጀ መሆኑን ከተናገረች፣ ባለቤቱ አዲስ ነው ብሎ ቢምል አትሰማውም።

ጡቷ ላይ ዕጢ ተገኘባትና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ጀመረች። ፀጉሯ ሲረግፍ ማበጠሪያዋን ለጎረቤት አወረሰች። ሐኪሙ ጣቶቿ ይደነዝዟት እንደሆነ ሲጠይቃት ግን ያቺ ምላሰኛ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም ነበር።

ጉዱ የወጣው በአንድ ትራፊክ ፖሊስ ሱሪ ነው። የሱሪውን ጫፍ አጥፋ ጭኗ ላይ በእጇ ስትሰፋ፣ እኔ አጠገቧ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። ፖሊሱ መጥቶ ሱሪውን ብድግ ሲያደርገው አክስቴም አብራ ተነሣች። ከራሷ ቀሚስ ጋር ሰፍታዋለች።

«እኔ እንኳ የመጣሁት ለሱሪዬ ብቻ ነበር» አለ ፖሊሱ። እሱና እኔ ሳቅን፤ እሷ አልሳቀችም። ከሱሪው ሥር ሌላ ጨርቅ መደረቡን ጣቷ አልነገራትም።

ፖሊሱ ሲሄድ አፋጠጥኳት። የእጇም የእግሯም ጣቶች መደንዘዝ ከጀመሩ ከርመዋል። የደበቀችው መድኃኒቱን እንዳይከለክሏት ነው፤ ሞትን ፈርታለች። እኔም ያን ጊዜ ፈራሁ።

ስፈራ ደግሞ ማስተማር ይቀናኛል፤ የባዮሎጂ መምህር ምን ያድርግ። የጣት ነርቭ ከአከርካሪ አጠገብ ካለ ሕዋስ ተነሥቶ እስከ ጣት ጫፍ የሚዘረጋ ክር ነው አልኳት። ኮሌታን ቀጥ አድርጎ እንደሚይዘው የውስጥ ጨርቅ፣ ክሩንም የሚይዙት ውስጡ ያሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። መንገዱም እነሱ ናቸው፤ ለጫፉ የሚያስፈልገው ሁሉ በእነሱ ላይ ይጓጓዛል። ቱቦዎቹ ሁልጊዜ ሲፈርሱና ሲሠሩ ይኖራሉ። የዕጢው ሕዋስም ለመራባት እንዲህ ያሉትን ቱቦዎች አፍርሶ መሥራት አለበት። መድኃኒቱ እንዳይፈርሱ ያደርጋቸዋል፤ ዕጢው መራባት ያቅተዋል። ግን የነርቩም መንገድ አብሮ ይበላሻል፤ ጭነቱም እስከ ሩቁ ጫፍ በደንብ አይደርስም።

እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ይህ ራሱ የሚያስደነግጥ ነው።

«ጠቡ ከዕጢው ጋር ከሆነ ጣቴ ምን አደረገ?» አለች።

«ምንም አላደረገም፣ እትዬ። መንገዱ መልሶ ሊጠገን ይችላል። ግን ለሐኪሙ ንገሪው።»

በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ተቆጣትና መድኃኒቱን በሌላ ለወጠላት፤ ስለ ጣቶቿ ግን ቃል አልገባም አለ።

ከወራት በኋላ ዕጢው ጠፋ ተባለ። አክስቴ ግን የእጅ ስፌት አትቀበልም፤ ለደንበኛ ሁሉ ዓይኔ ደከመ ትላለች። ከሥራዋ እየተለየች መሆኗን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ደፍረን አናወራውም።

አንድ ቅዳሜ ስገባ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፍናለች። ልስማት ጎንበስ ስል ጉንጬን ዳሰሰችው።

«አንተ መምህር፣ በምን ተላጭተህ ነው? ግማሹን ፂም ትተኸዋል» አለች።

ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ጣቶቿን አየቻቸው፤ መልሳም ጉንጬ ላይ አኖረቻቸው፤ ቶሎም አላነሣቻቸውም።