ከሠርጉ ካሴት የወጣው ድምፅ

አባታችን ከሞተ በኋላ ድምፁ የቀረልን በታላቅ እህቴ የሠርግ ቪዲዮ ካሴት ውስጥ ብቻ ነው ብለን እናምን ነበር። ሠርጉ የተደገሰው ሰንበቴ ከተማ ነው። አባቴ ሙሽሮቹን ሲመርቅ ካሜራው ፊቱ ላይ እንደነበር እናቴ ትምላለች። ዴካችን ግን ከተበላሸ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ካሴቱም በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ከረመ።

ዘንድሮ ከሚሴ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምረው ባልደረባዬ የሚሠራ ዴክና ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ገመድ አዋሰኝ።

«ቢጫው ለምስል፣ ነጩና ቀዩ ለድምፅ። ሌላውን ኮምፒውተሩ ራሱ ያውቀዋል» አለኝ።

ቅዳሜ ከዙህር ሰላት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ዘረጋሁት። ላፕቶፑ እየቀዳ ምስሉን ያሳያል እንጂ ድምፅ አያሰማም። አሠራሩ እንዲህ ነው ብዬ መቅዳቴን ቀጠልኩ። እናቴ አጠገቤ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የሞቱትን እየለየች «ረቢ ይዘንላት፣ ረቢ ይዘንለት» ትላለች። ድንገት ብድግ አለች።

«ኩን አባ ኬቲ! አባትሽ! ያው!»

«እማ፣ ቆቡ የማን ነው? እሱ እንዲህ ያለ አልነበረውም እኮ።»

«ተውሶ ነው።»

ሲዲ ላይ ገልብጬ ስጨርስ ቴሌቪዥን ላይ ከፈትነው። አባቴ እጁን ዘረጋ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «እማ፣ ቆቡ የማን ነው?» የሚል የእኔ ድምፅ ወጣ። ተከትሎ የባጃጅ ጥሩንባ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «በአንቺ ድምፅ የሚናገረው ምን ሆኖ ነው?»

ነጩን ገመድ በቀዩ ቦታ፣ ቀዩን በነጩ ሰክቼ እንደገና ቀዳሁ። አሁን ደግሞ አባቴ በእኔው ድምፅ «የትኛው ቀዳዳ ነበር?» እያለ መረቀ።

ሰኞ ለባልደረባዬ ነገርኩት። እስኪበቃው ሳቀ። «ላፕቶፑ በራሱ ማይክ የቀዳው የእናንተን ወሬ ነው» ብሎ አንድ ነገር ነካካ። ምን እንደነካ እስካሁን አላውቅም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስቀዳው የካሴቱ ድምፅ ወጣ፤ ዘፈን ነው። ቪዲዮ አንሺው ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ጭኖበታል። «ዘፈኑ ሲያልቅ ይናገራል» አለች እናቴ። አለቀ፤ ሌላ ተተካ። እስከ መጨረሻው ጠበቅን።

«ወላሂ ሰምቼዋለሁ! በዚህችው ካሴት!»

እህቴ ጋ ደወልኩ። «ዱሮም ዘፈን ብቻ ነው ያለበት» አለችኝ። ሁለቱም ውሸት አያውቁም፤ የማንን ቃል እንደምይዝ ግራ ገባኝ።

ዘፈን ያለበትን ሲዲ ለእህቴ ላክሁላት። እናቴ የመጀመሪያውን ወሰደች፤ «ቢያንስ የሰው ወሬ አለበት» ብላ።

«ታዲያ ያኔ ምን ብሎ ነው የመረቃቸው?» አልኳት።

ልትመርቅ እንደ እሱ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«በኦሮምኛ ይሁን በአማርኛ የመረቃቸው» አለችኝ፣ «እሱ ራሱ ጠፋኝ።»