ከግቢያችን የተነቀለው ድንኳን

ቤቴ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ጠዋት ጠዋት አንድ ከባድ መኪና ዳር ይዞ ሲቆም የንፋስ ፍሬኑ «ጵሽሽ» ሲል መኝታ ቤቴ ድረስ ይሰማል፤ እኔም ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ጉልበቴ ደረጃ እየፈራ፣ ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጬ ጆሮዬን ወደ በሩ አቀናለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ማስረዳቱ ሰልችቶኛል። እኛ ቤት ያ ድምፅ አባባ መጣ ማለት ነበር፤ እናቴም እሱን ስትሰማ ነበር ተነስታ የእግር ውሃ የምትጥደው።

አባቴ ማቴዎስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከዲላ ቡና፣ ከእኛ አካባቢ በቆሎ ጭኖ ናዝሬት ያራግፍና ስኳርና ጨው ጭኖ ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት፤ መንገዷ ነጭ አሸዋ፣ መጓጓዣዋ ጋሪና ብስክሌት፣ ስኳሯ በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ። ባቡር አልነበራትም፣ ዛሬም የላትም። ቢሆንም እኛ ቤት ከሐይቁ ጉማሬ ይልቅ ባቡር ይፈራ ነበር፤ ምክንያቱም ሞጆ አቅራቢያ መንገዱ የባቡሩን ሐዲድ የሚያቋርጥበት ቦታ ነበረና፣ አባቴ በሄደ በመጣ ቁጥር እዚያ ላይ ማለፍ ነበረበት። በር የለው፣ ሰንሰለት የለው፤ ጠባቂ አለ ቢባልም አንዳንድ ቀን ይኖራል፣ አንዳንድ ቀን አይኖርም። እዚያ ቦታ በባቡር የተመታ መኪና ወሬ በየጊዜው እየመጣ፣ ሾፌሮቹ ቤታችን ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ሲያወሩት እኛ ልጆቹ ከመጋረጃው ኋላ ሆነን እንሰማ ነበር።

ክረምት ሲገባ ጭነት ስለሚቀንስ አባቴ ቤት ይውል ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኛን ወለሉ ላይ አስቀምጦ፣ ሁለት ሸንበቆ እንደ ሐዲድ ዘርግቶ፣ የክብሪት ቤት እንደ መኪና እየገፋ ያስተምረን ነበር፤ ሾፌር የምንሆን ይመስል። «መኪና መሪ አለው፣ ይጠመዘዛል። ባቡር ግን መሪ የለውም፤ ቢያዝንልህም የትም አይሄድልህም» ይለን ነበር። እሱ ሐዲዱ ጋ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል፤ ከኋላው ያሉት ክላክስ እየነፉ ይሰድቡታል፣ እሱ ግን ጆሮው ካልረካ አይነሳም ነበር።

በዚህ ነገር ከሁሉ በላይ የሚያሾፍበት ጋሽ ደስታ ነበር። ጋሽ ደስታ የሞያ ጓደኛውና የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ባል ነው። ግቢያችንን ከግቢያቸው የሚለየው የቅንጭብ አጥር ሲሆን፣ መሐሉ ላይ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ስለነበረው በዋናው በር የሚዞር አልነበረም። ጋሽ ደስታ በዚያ ቀዳዳ ብቅ እያለ «ማቴዎስ እኮ ሐዲድ ሲያይ ጸሎት ያደርሳል» እያለ ያስቀን ነበር። «የኔ ባትሪ ደካማ ነው፤ ሞተር ካጠፋሁ አንተ መጥተህ ልትገፋልኝ ነው?» ይለዋል። አባቴም «እገፋልሃለሁ፣ ብቻ አጥፋ» ይለው ነበር። ይህችን ጨዋታ ስንቴ እንደ ሰማኋት አላውቅም።

እትዬ ዘነበችን ሰፈሩ የሚያውቃት በእልልታዋ ነበር። ጋሽ ደስታ ከመንገድ ሲገባ፣ ሰው ሲወልድ፣ የኛ ልጅ ከክፍል ክፍል ሲያልፍ፣ እሷ ትጀምራለች፣ ሌላው ይከተላል። እሷ የማርያም ጽዋ የምትጠጣ ኦርቶዶክስ ነች፣ እኛ ጴንጤዎች ነን፤ የጸሎት ቤታችን በታሸገ ጊዜ ምእመናኑ ተራ በተራ እኛ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጸልዩ፣ እሷ በራችን ላይ በርጩማ አውጥታ በቆሎ እየፈለፈለች የቀበሌ ሰው ብቅ ካለ ታስል ነበር። እናቴ እህት አልነበራትም፤ ከእሷ ወዲያም አልፈለገችም።

መስከረም አለፈና ጥቅምት ገባ። የጋሽ ደስታ መኪና ተበላሽቶ ናዝሬት ጋራዥ ቆሞ፣ እሱም ዕቃው እስኪመጣለት እዚያው ተቀምጦ ስለነበር እትዬ ዘነበች ብዙ አትጠብቀውም ነበር። አባቴ ግን በቆሎውን አራግፎ በሳምንቱ መመለስ ሲገባው ቀረ። እናቴ መጀመሪያ አልደነገጠችም፤ ኬላ ላይ ይቆያሉ፣ ጭነት ይጠብቃሉ፣ የተለመደ ነው። ውሃውን ጥዳ፣ ቀዝቅዞ፣ መልሳ ጥዳ ትተኛ ነበር።

ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ጠባዩ ተለወጠብን። ባለሱቁ ጋሽ ከድር፣ የሰፈሩ ብቸኛ ስልክ ያለው በሳቸው ሱቅ ነበር፣ አንድ ከረሜላ በነጻ የማይሰጡ ሰውዬ ለእኔና ለወንድሜ እፍኝ ሙሉ ዘግነው ሰጡን፤ ፊታችንን ግን አላዩንም። እትዬ ዘነበች «ብቻዬን መተኛት ፈራሁ» ብላ ልጆቿን ይዛ እኛ ቤት ማደር ጀመረች። ሬዲዮናችንን አንድ ሰው ላሠራው ብሎ ወሰደው፣ ብልሽት እንኳ አልነበረበትም። እናቴን ምግብ እንድትበላ ሁሉም ይለምናታል። «ብዪ እንጂ አስቴር፣ ሰውነትሽ እኮ አልቋል» እያለች እትዬ ዘነበች በእጇ ታጎርሳታለች፣ ቀና ብላ ግን አታያትም ነበር።

ለካስ ሁሉም ያውቁ ነበር። አንድ ሾፌር በሞጆ ሲያልፍ የአባቴን መኪና ባቡር ገጭቶት፣ ጋቢናው ተጨፍልቆ፣ ከሐዲዱ ወዲያ ተወርውሮ አየው። የመኪናው ሾፌር ወዲያው እንደ ሞተ፣ መልኩ እንደማይለይና የአገሩ ሰው እንደ ቀበረው እዚያ ያገኛቸው ሰዎች ነገሩት፤ የአባቴን ካፖርትም ከመኪናው አውጥተው ሰጡት። መኪናው የማቴዎስ፣ ካፖርቱ የማቴዎስ፣ ከዚህ በላይ ማን ይጠይቃል? አመጣው፣ ለጋሽ ከድር አስረከበው። መርዶ ደግሞ እንደ ተገኘ ለሐዘንተኛ አይወረወርም፤ የሥጋ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። እንዲህ ያለው ወግ ሰውን እንዳይሰበር ለመደገፍ የወጣ ነው፣ አልጠላውም። ችግሩ የእናቴ ታላቅ ወንድም ሶዶ ነበሩ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ደግሞ ከከተማ መውጣት አይቻልም፤ እሳቸው ወረቀቱን እስኪያገኙ ሰፈሩ ሁሉ ምስጢሩን አፍኖ ከእናቴ ጋር እየሳቀ ሰነበተ። ናዝሬት ደውሎ የሚያጣራም አልተገኘም፤ የሞተ ሰው ምን ይጣራል ብለው ይሆናል።

አጎቴ ደረሱና አንድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከፍታ ወንድሟን፣ ከኋላቸውም ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሰዎች ስታይ ምንም ሳይነግሯት ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልፈልግም። ግቢያችን ድንኳን ተተከለ፣ ካፖርቱ ወንበር ላይ ሆኖ መሐል ተቀመጠ፤ የኛ ሰዎች በዝግታ ይዘምራሉ፣ ጎረቤቱ ደረቱን ይመታል፣ ሁለቱ ድምፅ አንዱ በአንዱ ላይ እየወደቀ ይውላል። እኔ አንዱን የካፖርቱን ቁልፍ ሳይ ነበር የምውለው፤ ክሩ ሌላ ቀለም ነበር፣ እናቴ ናት የሰፋችው።

እትዬ ዘነበች በእነዚያ ቀናት ወገቧን አስራ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ውሃ ታስቀዳለች፣ ለቅሶ ደራሽ ትቀበላለች፣ ሲመሽ ደግሞ የእናቴን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ትደባብሳለች። «ደስታ ይምጣ ብቻ። ልጆቹን አብረን እናሳድጋቸዋለን፤ የአንቺ የኔ የሚባል የለም» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእሷም ሁለት ልጆች ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጋሪ በራችን ላይ ቆመ። ጋቢ የለበሰ፣ አጥንቱ የወጣ፣ ፊቱ ቢጫ የሆነ ሰው ወርዶ፣ ድንኳኑን ሲያይ፣ ለቅሶ ደራሽ እንደሚያደርገው ከበሩ ጀምሮ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ፣ እየተንገዳገደ ገባ። አባቴ ነበር።

አንዷ ጮኸች፣ አንዷ ሸሸች፣ አጎቴ ተነስተው በሁለት እጃቸው ፊቱን ዳሰሱት። እናቴ እንደ ተቀመጠች እጇን ዘረጋች እንጂ መነሳት አልቻለችም። ያኔ እትዬ ዘነበች እልል አለች። እንደዚያ ያለ እልልታ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም፤ ከሆዷ ነው የወጣው፣ ድንኳኑ በሙሉ ተከተላት፣ እኔም እየዘለልኩ ነበር።

አባቴ ግን ማልቀሱን አላቆመም። ዙሪያውን እያየ፣ ሰው ለምን እልል እንደሚል ግራ ገብቶት፣ «ወንድሜ ደስታን» አለ። ደግሞ «ደስታዬን» አለ።

እልልታው ከጫፍ ጫፍ እየተቆረጠ ቆመ። መጨረሻ የቆመው የእሷ ነበር፤ አፏ እንደ ተከፈተ፣ እጇ እንደ ተነሳ ቀረ። «መኪናውን ማን ነበር የያዘው?» አለች፣ በዝግታ፣ ዕቃ ጠፍቶባት እንደምትጠይቅ። አባቴ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ለእሷ ሽማግሌ አልተጠራም፣ ጎህ አልተጠበቀም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቴ ናዝሬት እንዳራገፈ ወባ ጣለው። ጋሽ ደስታ መኪናው ስላልተሠራለት፣ ጭነቱ እንዳይቆም ብሎ፣ ስኳሩን በአባቴ መኪና ጭኖ ተነሳ፤ ካፖርቱ ጋቢናው ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። አባቴ ክሊኒክ ውስጥ በትኩሳት ሲቃዥ ሰንብቶ ራሱን ሲያውቅ አደጋውን ሰማ፣ ከአልጋ ተነስቶም መርዶውን ይዞ መጣ። ድንኳኑን ሲያይ ወሬው ቀድሞት የደረሰ፣ የእኛ ግቢ ሰፋ ስለሚል እዚያ የተተከለ መስሎታል። የሌላ ሰው ለቅሶ ነው ብሎ የገባው የራሱ ለቅሶ ላይ ነበር።

ድንኳኑ በዚያው ቀን ተነቅሎ በአጥሩ ቀዳዳ አለፈና እዚያ ማዶ ተተከለ፤ እንጨቱም፣ ሸራውም፣ አግዳሚውም ያው ነው። ካፖርቱ ግን የት እንደ ገባ አላውቅም። እናቴ ጥቁሯን እንደ ለበሰች ተሻግራ ንፍሮውን ያዘች። ባሏ ቤቷ ተኝቷል፣ እሷ ግን ከማዶ ስትመለስ ፊቱን ማየት ታፍር ነበር፤ ደስ ብሏት እንደ ሆነ የሚታወቅባት እየመሰላት። እትዬ ዘነበች ብዙ አላለቀሰችም። «እንባዬን እናንተ ቤት ጨረስኩት፣ ሳላውቅ ለራሴ ነው ያለቀስኩት» አለች፤ ክፉ ቃል ግን ከአፏ አልወጣም።

በጋው ገባና ሐይቁ ሸሸ፣ አቧራው ተነሳ። አባቴ ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዘም፤ ከተማው ውስጥ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፣ ማታ ማታ ነጭ ሆኖ ይገባ ነበር። ደሞዙም፣ የራሽን ስኳሩም ሁልጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ እኩል ይከፈል ነበር፤ እትዬ ዘነበች ለእናቴ የገባችላትን ቃል አባቴ ፈጸመላት፣ ልጆቿም ከኛ ጋር አደጉ። ብቻ አንድ ነገር አልለቀቀውም። «ሐዲዱ ጋ ሞተር አጥፋ ብዬው ይሁን ሳልለው፣ ትኩሳቱ ይዞኝ አላስታውስም» ይል ነበር። ገላው ላይ ዱቄት እያለ ተቀምጦ ይህንኑ ይላል። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ብለኸዋል» ትለው ነበር፣ በኋላ እሷም ደከማት።

ባለፈው ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ሾፌሩን ለምኜ በአሮጌው መንገድ አለፍን። ሐዲዱ ዝጎ፣ መሐሉ ሣር በቅሎ፣ አንዲት ሴት ጠርዙ ላይ በርበሬ አስጥታለች። አዲሱ ባቡር በድልድይ ላይ ነው የሚያልፈው፣ መኪናው ከሥር ይሄዳል፣ አይገናኙም። ወሬውም ቢሆን ሰው ገና ሳይነሳ በስልክ ይደርሳል፤ ማንም ለማንም ጎህ አይጠብቅም። ይሄኛው ይሻላል መሰለኝ። ይሻላል፣ አዎ።

እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ቀድማ እልል ብላ አታውቅም። በሠርጌም፣ ልጆቼን ስወልድም፣ ሴቱ ሁሉ ሲያቀልጠው እሷ አፏን ገጥማ ወደ እትዬ ዘነበች ታይ ነበር። እትዬ ዘነበችም ይህን ስለምታውቅ አታስጠብቃትም ነበር፤ ያ ድምፅ ሰልሎ፣ ተሰነጣጥቆም ቢሆን ትጀምርላትና እናቴ ትከተላለች። ዘንድሮ ልጄን ስድር ሁለቱም አልነበሩም። ቤቱ በእልልታ ሲናወጥ እኔ አፌን ከፍቼ፣ እትዬ ዘነበች እስክትጀምርልኝ ስጠብቅ፣ ሙሽሮቹ አልፈውኝ ገቡ።