ብቸኛው ቁጥርና ምራቂው

በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሰው ሳይሆን ሽታ ነው። ፖሊስ ጣቢያው ከመርካቶ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ሲያልፉ ይሰማል። የሂሳብ ተማሪ ነበርኩ። አንዋር መስጊድ አጠገብ የተቃውሞ ወረቀት ስበትን ተያዝኩ። መርማሪው፣ ወረቀቱን የጻፈው ጓደኛዬ ነው ብዬ ከፈረምኩ እንደምለቀቅ ነገረኝ። ጓደኛዬ አልጻፈውም፤ አልፈረምኩም።

በክፍሉ ደንብ አዲስ ገቢ የሚተኛው የሽንት ባልዲው ሥር ነው። ደንቡን የነገሩኝ ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ የሸማ ተራ ነጋዴ ናቸው። አንድ ሹም ጭቃ ላይ ሲንሸራተት ስቀዋል ተብለው ገቡ። መሳቃቸውን አልካዱም።

ከዚያ ባልዲ ለመራቅ ያልፈነቀልኩት ድንጋይ የለም። አንድ ቀን ካቦው «መርካቶ ገብቶ የማይካፈል ነገር የለም» ሲሉ ሰማሁና ውርርድ አቀረብኩ፦ የምጽፈውን ቁጥር ካካፈሉ እስክፈታ ከባልዲው አልነሳም፤ ካቃታቸው መስኮቱ ሥር እተኛለሁ። እየሳቁ እሺ አሉ።

ሠላሳ አንድ ሁለቶችን አባዝቼ፣ አንድ ቀንሼ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍኩት፦ 2147483647። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል አይካፈልም።

ካቦው ለሁለት ገመሱት፤ አንድ ተረፈ። ለሦስት፣ አሁንም አንድ። ለአምስት ሁለት ሲተርፍባቸው እንዳላዩ ሆነው አለፉት። ለሰባት እንደገና አንድ ሲተርፍ ከሰሉን አስቀመጡ።

«ተካፈለ» አሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ተርፏል እኮ!»

«እሷ ለገዢ ምራቂ ናት። ይህን ሁሉ የሸጠ ሰው አንዲት ፍሬ አይመርቅም?»

ፍርዱ ለክፍሉ ቀረበ። ክፍሉ በሙሉ ነጋዴና ተሸካሚ ነው፤ ማን ሊፈርድልኝ! ተረታሁ። ካቦው ግን አንጀታቸው አልቻለም። «ልጄ፣ ተካፍሏል በልና ና፣ መስኮቱ ሥር ተኛ» አሉኝ።

መስኮቱን አየሁት። እውነቱን ለመናገር ምራቄን ዋጥኩ። ግን ለመርማሪው እምቢ ያልኩ ሰው ለንጹህ አየር ብዬ እሺ ልበል? አፈርኩ።

«አይካፈልም፣ ጋሼ» አልኩና ጋቢዬን ወደ ባልዲው ጎተትኩ። «ወይ ግትርነት!» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ጠዋት አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ከሰል ይዘው መጡና አጠገቤ ቁጭ አሉ። ለአስራ ሦስት አካፈሉት። አስር ተረፈ።

«አስር ፍሬማ አይመረቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ሱቄን ልዘጋ ነው እንዴ?»

መስኮቱ ሥር እንድሄድ አዘዙኝ። እሳቸው ግን ለአስራ ሰባት ሳልሞክር ከባልዲው ሥር አልነሳም አሉ፤ ጥያቸው ልሄድ አልሆነልኝም። እስክፈታ ድረስ እዚያው ሽታው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናካፍል ከረምን።

በቀደም ልጄ ቁጥሩን ስልኳ ላይ ጻፈችውና ዓይኗን ሳታርገበግብ «ብቸኛ ነው» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ። ጋሼ በሕይወት ቢኖሩ ስልኩ ተሳስቷል ብለው ከሰል ይፈልጉ ነበር፤ እኔም አጠገባቸው ቁጭ እል ነበር።