ዛሬ የቱ ተራራ ተነፈሰ?

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። በሰው አገር የሐምሌ ሙቀት፣ ዱሉዝ ከተማ ከምሠራበት ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ፣ በላብ ርሼ ሎረንስቪል ቤታችን ስገባ፣ መጀመሪያ የማደርገው የአየር ማቀዝቀዣውን፣ ኤሲውን፣ ወደ ስልሳ ስምንት ፋራናይት ማውረድ ነበር። ወዲያው ጋቢያቸውን ደርበው ከመኝታ ቤት ብቅ ይሉና «ዛሬ ደግሞ የቱ ተራራ ነው የተነፈሰው?» ይሉኛል።

ቀልዱ አልገባኝም ነበር። አንድ ቅዳሜ አጠገባቸው አስቀምጠው አስረዱኝ።

«እሳተ ገሞራ በኃይል ሲፈነዳ ምድርን የሚያቀዘቅዘው አመዱ እንዳይመስልሽ፤ አመዱ ቶሎ ይረግፋል። ጋዙ ነው። ከደመና በላይ ወጥቶ እንደ ስስ ነጠላ ይዘረጋና የፀሐይን ሙቀት ለዓመት ለሁለት ዓመት ይጋርዳል።»

«እሺ አባባ፣ በረደዎት ማለት ነው። ኦፍ ላድርገው?»

«ተይው ልጄ። ተራራም የሚተነፍሰው ውስጡ ሲታፈን ነው። አንቺም ታፍነሽ ነው የዋልሽው።»

ካረፉ ሦስት ወር ሆናቸው። ትናንት ከሥራ ገብቼ ኤሲውን ስልሳ ስምንት አደረግኩና፣ ሳላስበው ወደ መኝታ ቤታቸው በር ዞሬ ጠበቅኩ። ማንም ብቅ አላለም። ቆይቶ ሲበርደኝ ጋቢያቸውን አምጥቼ ደረብኩ እንጂ ኤሲውን አልነካሁትም። ፈቅደውልኛላ።