በርበሬ ተራ የተሰቀለው ሥዕል

ናዝሬት ካለው የእናቴ ቤት የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ሥዕል ማየት ነበር። ወቅቱ ቀይ ሽብር የሚባለው ጊዜ ስለሆነ ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱም ላይ የጉዞው ምክንያት ይጻፋል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ስለነበርኩ «የማስተማሪያ ቀለም ለመግዛት» ተብሎ ተጻፈልኝ። አዲስ አበባም ቀለም እንደሌለ የቀበሌው ጸሐፊም እኔም እናውቃለን።

የጠራኝ ከማል ነው። ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አብረን ተምረናል። ቤተሰቦቹ ከወሎ መጥተው መርካቶ የሚነግዱ ናቸው። ከተመረቅን ወዲህ የተጨበጡ እጆችንና መዶሻዎችን በየአደባባዩ ሲሥል ነበር የቆየው፤ ሸራውም የዘይት ቀለሙም የሚታደለው ለዚያ ብቻ ነበርና። በቅርቡ ግን በአንድ ሾፌር በኩል መልእክት ላከብኝ፤ «የራሴን ሥራ ሠርቻለሁ። ሳይነሳ መጥተሽ እይልኝ» የሚል።

ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ ቃሊቲ

አውቶቡሱ ውስጥ ማንም ከማንም አያወራም። ሞጆ ላይ ወርደን ዳቦ በሻይ በላን፤ ሻዩ ስኳር ስላጠረው መራራ ነበር። ደብረ ዘይትን አልፈን ዱከም ስንደርስ የጤፉ ማሳ በጠዋት ጤዛ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደብተሬን አውጥቼ እነድፈው ነበር። ያን ቀን እጄን ከጭኔ ላይ አላነሳሁም።

ቃሊቲ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። አንድ ወታደር ቦርሳዬን ከፍቶ ለመንደፊያ የምጠቀምበትን ከሰል አወጣና አሸተተው።

«በዚህ ምን ትጽፊበታለሽ?»

«መሣያ ነው። የሥዕል መምህርት ነኝ።»

«ግድግዳ ላይ?»

«ወረቀት ላይ።»

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ከሰሉን መለሰልኝ። ከፊቴ የነበረውን ወጣት ግን ወደ ጎን አቆሙት። አውቶቡሱ እሱን ትቶ ተነሳ። መንገድ ላይ የጫንናቸው ሰዎች ቆመው እየተንገላቱ እንኳ በልጁ ቦታ ማንም አልተቀመጠም።

ከአውቶቡስ ተራ እስከ መጋዘኑ

ከማል አውቶቡስ ተራ ጠበቀኝ። ከስቷል። ሰላምታችንን ሳንጨርስ «በአብነት በኩል አንሄድም፣ ዛሬ ፍተሻ አለ» አለኝና በጭድ ተራ አሻግሮ ወሰደኝ። ጭድ የተጫኑ አህዮች ግራና ቀኝ እየገፉን፣ ገለባው ፀጉሬ ውስጥ እየገባ አለፍን። ቀጥሎ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ሰዎች ያሉበት ደረስን፤ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ተሸካሚዎች «በጎን! በጎን!» እያሉ ይጋፉናል። በርበሬ ተራን ከማየቴ በፊት ጉሮሮዬ አወቀው።

መጋዘኑ የአጎቱ የጋሼ ሰይድ ነው። እሳቸው በረንዳው ላይ ከሚዛናቸው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ በርበሬ ነጋዴ ሆነው ያረጁ፣ ዓይናቸው ሁልጊዜ የቀላ ሽማግሌ ናቸው።

«አንቺም እንደሱ ነሽ?» አሉኝ።

«አብረን ነው የተማርነው፣ ጋሼ።»

«ግቢና እዪዋ። እኔ ጆንያዬን ነው የማየው።»

ከማል የውስጠኛውን ክፍል በር ከፈተልኝ። መስኮት የለውም። በርበሬ የነበረባቸው ጆንያዎች ስፌታቸው ተፈትቶ፣ እርስ በርስ ተሰፍተው ከጣሪያው እስከ መሬት ወርደዋል። አንዱ ከሌላው ጀርባ ስለተሰቀለ በመሃላቸው ሰው የሚያልፈው በትከሻው እየገፋ ነው። ከጆንያው ኋላ የተዘረጉ ዝገት የበላቸው ቆርቆሮዎች ክርን ሲነካቸው ያጉረመርማሉ።

«ሥዕሉ የታለ?» አልኩት።

«ግቢ» አለኝ።

ገባሁ። ሻካራው ጨርቅ ጉንጬን ፋቀኝ። ከየስፌቱ ቀይ ብናኝ ረገፈ። መጀመሪያ አነጠሰኝ፣ ቀጥሎ ዓይኔ ማንባት ጀመረ። ልጠርገው ስል የባሰ አቃጠለኝ። ጨለማ ነው፣ የሚያየኝ የለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬም በደንብ አስታውሳለሁ። ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ከቤት ተወስዶ አስከሬኑ እንኳ አልተሰጠንም። እንዲህ ለሞተ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ጥቁር መልበስም፣ ድንኳን መጣልም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙን አንስተን አናውቅም። እዚያ ጆንያ መሃል ዓይኔ በበርበሬው ማንባት ከጀመረ በኋላ ግን ለቅሶው የበርበሬው አልሆነም። ድምፄን ቆርቆሮው ዋጠልኝ።

ስወጣ ከማል ውሃ ሰጠኝ።

«እንዲህ ይሆናል ብዬ አልነበረም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሸራ ስላጣሁ ነው ጆንያ የያዝኩት። ላጥበው ብል ውሃ የለም። ቀለሙ ደስ ሲለኝ ተውኩት። ከዚያ የሰፈር ሰው ለጉድ ሊያየው ገባ። አንዷ እናት ገብታ ቆየች። በማግስቱ ሌላ ይዛ መጣች።»

እትዬ ዘነበች

ያን ዕለትም ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጡ። ከጎጃም የመጡ፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚነግዱ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ናቸው። አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰዋል። ጋሼ ሰይድ ቀና ብለው ሳያዩዋቸው «በርበሬው ጓዳ ነው» አሏቸው፤ ለገዢ እንደሚባለው። ገቡ። ቆርቆሮው አጉረመረመ፣ ሳል ተሰማ፣ ከዚያ ሳል ያልሆነ ድምፅ።

በዚህ መሃል ነው ጌታሁን የሚባለው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ በረንዳው ላይ የደረሰው። ያደገው እዚያው ሰፈር ነው። አፍና አፍንጫውን በፎጣ ጠቅልሏል፤ በርበሬ ተራ ሲመጣ እንዲህ እንደሚያደርግ ከማል በኋላ ነገረኝ።

«ጋሼ ሰይድ፣ እዚህ ሴቶች ይሰበሰባሉ ተብሏል።»

«በርበሬ ይገዛሉ።»

«ባዶ እጃቸውን ነው የሚወጡት።»

ከማል ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል። «የእኔ ሥራ ነው፣ ጓድ። ሥዕል ነው። ሊያዩት ነው የሚመጡት።»

«የማን ሥዕል?»

«የማንም አይደለም።»

ጌታሁን ፎጣውን ይበልጥ አጥብቆ ገባ። ጆንያዎቹን በጠመንጃው አፈሙዝ ሲገልጥ፣ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ እንሰማለን። እትዬ ዘነበችን ከፊቱ አስቀድሞ ወጣ። የሳቸው ፊት በእንባ ርሷል። የሱ ዓይን ደረቅ ነው።

«እትዬ ዘነበች፣ ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?»

አክብሮ ስለጠየቃቸው ይበልጥ ፈራሁ። ልጃቸው እንዴት እንደሞተ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል።

«በርበሬው ነው፣ ልጄ።»

«እኔን ለምን አላቃጠለኝም?»

ከማል ሊናገር አፉን ሲከፍት ጋሼ ሰይድ ቀደሙት። ከሚዛናቸው ሳይነሱ «ፎጣህን ፍታና ግባ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ፈትተህ ግባ። ካላቃጠለህ እኔንም እሷንም ውሰደን።»

ጌታሁን ሽማግሌውን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ፎጣውን ፈታ። ልጅ ነበር፤ ከአገጩ ላይ ጢሙ ገና አልሞላም። ተመልሶ ገባ። ቆርቆሮው አጉረመረመ። አነጠሰ፣ ሳለ፣ ከዚያ ዝም አለ። እትዬ ዘነበች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

ሲወጣ ማየት አቅቶት በእጁ በሩን እየዳሰሰ ነበር። እንባውና ንፍጡ ተቀላቅሏል። በሁለት እጁ ዓይኑን ሊያሽ ሲል እትዬ ዘነበች እጁን ያዙት።

«አትሸው፣ ይብስብሃል» አሉት። ከጋሼ ሰይድ ማሰሮ ውሃ ቀድተው መዳፉ ላይ አፈሰሱለት። እሱም እንዳጎነበሰ ፊቱን ታጠበ።

ጠመንጃውን ሲያነሳ ማንንም አላየም። «ነገ ጠዋት ይነሳ» አለ። «ከቀበሌ ሰው ከመጣ እኔ የለሁበትም።» ሄደ።

አዳራሹ

ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ጆንያዎቹን ማውረድ ጀመርን፤ ያደርኩትም ከጋሼ ሰይድ ሴት ልጆች ጋር ነው። ከማል ሥራውን በከተማው መሃል ባለ አዳራሽ ለሚከፈት የሥዕል ትርኢት አስቀድሞ አስፈቅዶ ነበር፤ በማግስቱ በጋሪ ጭነን ወሰድነው። የአዳራሹ ኃላፊ ጠረኑን ሲያሸት እጁን አፍንጫው ላይ አደረገ። ጓዶች የሚመጡበት ቦታ ስለሆነ ካልታጠበ አይሰቀልም አለ። ጓሮ ወስደን አጠብነው፤ ከጆንያው የወረደው ውሃ ቀይ ነበር። ፀሐይ ላይ ደርቆ በነጋታው ትርኢቱ ሲከፈት በነጭ ግድግዳ ላይ፣ በመብራት ፊት ተወጥሮ ተሰቀለ። ያማረ ነገር ነበር። የክሩ አጎነጓጎን፣ የቀለሙ ድብዝዝነት፣ የስፌቱ መስመር በደንብ ይታይ ነበር። ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩት፤ አንዱ «የሠራተኛው መደብ ጉልበት ነው» ብሎ አብራራ። ሰው ተመልክቶ ሲያበቃ ወደሚቀጥለው ሥዕል ያልፋል።

እትዬ ዘነበችም መጡ። በር ላይ ስማቸውን ጠይቀው አስገቧቸው። ከጆንያው ፊት ቆሙ፣ በጣታቸው ጫፍ ነኩት፣ ወደ ከማል ዞሩ።

«ታጥቧል» አሉት። «ጥሩ ነው፣ ልጄ። እጅህ ይባረክ።» ወጥተው ሄዱ።

ከማል ትርኢቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም። አብሮኝ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጣ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል «ጓዳው ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ሌላ። ጆንያው ግን ያው ነው» አለኝ።

ናዝሬት

በመመለሻው ቃሊቲ ላይ የቆመው ሌላ ወታደር ነበር፤ ወረቀቴን ብቻ አይቶ አሳለፈኝ። መንገዱን ሁሉ ለተማሪዎቼ ምን እንደምላቸው ሳስብ ነበር። ሥዕል ማለት ዕቃው ላይ የሚቀባው ነገር ነው ብዬ ነበር ለዓመታት ያስተማርኩት። ከዚያ ጉዞ በኋላ ግን ሥራ ሲያመጡልኝ ከምን እንደተሠራ፣ ሲነካ እንዴት እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚሸት፣ የትኛው ቤት የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል መጠየቅ ጀመርኩ። አንዳንዶቹ ይስቁብኝ ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ራት አቀረበችልኝና ምን እንዳየሁ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጨለማውን፣ ጆንያውን፣ እትዬ ዘነበችን። የዮናስን ስም አልጠራሁም። ሳትበላ አዳመጠችኝ።

«አሁንም አለ?» አለችኝ።

«ተነስቷል፣ እማዬ። አጥበውታል።»

ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።

«በርበሬ እኛም ቤት አለ» አለች።