ከፈተናው በፊት የተነገረኝ

ይህ የሆነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ለብሔራዊ ፈተና ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩን ነው። ዛሬም ሰኔ በገባ ቁጥር ያመኛል፤ ልረሳው ፈልጌ ግን አላውቅም።

ቤተሰቦቼ በፎገራ ሜዳ፣ ወደ ጣና ጠጋ ባለች ቀበሌ ሩዝ ያመርታሉ። እኔ ለትምህርት ወረታ ከተማ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። በገበያ ቀን ስንቄን የምታመጣልኝ እናቴ ነበረች። ዱቄቱንና ሽሮውን አስረክባ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ ምነው ከሳሽ ብላ ተቆጥታኝ ትሄዳለች።

ከፋሲካ በኋላ ግን ስንቁን አጎቴ ያመጣው ጀመር። እናቴስ ስለው ሥራ በዝቶባት ነው ይለኛል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ሩዝ ዘር ላይ ናት አለኝ። ሽሮውን ስቀምሰው የእናቴ እጅ አልነበረም። እናቴ በነጭ ሽንኩርት የማትሰስት ሰው ናት። ስልክ ስደውል ገበያ ሄዳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ይሉኛል። በዚያ ሰሞን እናቴ ያልሄደችበት ቦታ አልነበረም።

ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚለው አይሰማኝም ነበር። ይህን ያየ የክፍላችን ኃላፊ መምህር ወደ ጋይዳንስ ቢሮ ላከኝ። እኛ ትምህርት ቤት ጋይዳንስ ቢሮ የገባች ልጅ ወይ አርግዛለች ወይ አብዳለች ነው የምትባለው። ግራ ቀኝ አይቼ ሹልክ ብዬ ገባሁ። አማካሪዋ መምህርት ዘሃራ ከደሴ የመጣች ዝምተኛ ሴት ነበረች። ብዙ አልመከረችኝም። ስለ ሽሮው ስነግራት ግን አልሳቀችብኝም። አጎቴ ሲመጣ እንዳገናኛት ብቻ ጠየቀችኝ።

በሚቀጥለው ገበያ አገናኘኋቸው። እኔን ውጭ አስቀምጠው ብዙ አወሩ። አጎቴ ሲወጣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ሄደ። እሷ አስገባችኝና ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«እናትሽ በጠና ታማለች» አለችኝ። «ሐኪሞቹም ወደ ቤት መልሰዋታል። ፈተናሽን እስክትጨርሺ እንዳይነግሩሽ ያስማለቻቸው ራሷ ናት። አጎትሽም እንዳልነግርሽ ለምኖኛል፤ እኔ ግን እንደምነግርሽ ለእሱም ነግሬዋለሁ። መሄዱንም መቅረቱንም አንቺ ወስኚ። ከሄድሽ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለተማሪ አይነገርም። ሞት እንኳ ቢሆን ፈተና እስኪያልቅ ይደበቃል። ልጅቷ ፈተናዋን ጨርሳ ደስ ብሏት ስትመለስ ሽማግሌ ተሰብስቦ ያረዳታል። ሁሉም ለደግ ብሎ ነው የሚያደርገው።

በማግስቱ ባጃጁ እስከቻለበት ድረስ ሄድን። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። መምህርት ዘሃራ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እየተንሸራተተች ተከተለችኝ።

እናቴን መደብ ላይ ተኝታ አገኘኋት። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ስታየኝ መጀመሪያ ተቆጣች።

«ፈተናሽን ትተሽ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ከዚያ እንባዋ መጣ። ጠጋ በይ አለችኝና ፀጉሬን ዳሰሰችው። ማን እንዲህ አጎሳቆለው ብላ ልትሠራኝ ጀመረች። አንዱን ጉንጉን እስከ ግማሽ አድርሳ እጇ ዛለ። የቀረውን ነገ እጨርስልሻለሁ አለችኝ። መምህርት ዘሃራ በሻሿ ፊቷን ሸፍና ወጥታ ደጅ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ እናቴ እጇን ማንሣት አልቻለችም። በዚያው ሳምንት እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ አረፈች። ለለቅሶው ሴቶቹ ፀጉሬን ሲፈቱ ያችን አንዷን ጉንጉን አላስነካም አልሁ።

ፈተናውን ተፈተንሁ፤ ወደቅሁ። አጎቴ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ ልጃችንን አበላሸችብን ብሎ አቤት አለ። መስከረም ላይ ላመሰግናት ስሄድ መምህርት ዘሃራ ተዛውራለች ተባልሁ። ስልኳም አይሠራም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ሐሙሲት ከተማ ልብስ እሰፋለሁ። አጎቴ ዛሬም ያቺ ሴት ባትነግርሽ ኖሮ ዶክተር ትሆኚ ነበር ይለኛል። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ሐዘኑ አልወጣልኝም፤ የሚወጣልኝም አይመስለኝም። እናቴ ግን ደጅ ደጁን እያየች አልሞተችም።