ጨዋ ያላችኋት ልጅ

ከደባርቅ የወጣነው የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ነው። የጎንደሩ አውቶብስ ገና ሳይነጋ ስለሚነሣ፣ ስንብቱ በፍቺው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ጭቃው በእግራችሁ ገብቶ ምድጃው ድረስ ደርሷል፣ ሁላችሁም አሥራ አምስት ቀን ከተለያችሁት ሥጋ ጋር እየታረቃችሁ ነበር። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ቤቴ ለነበራችሁ ነው። ከኔ በኋላ ልጅ ይዛችሁ ወደ ባሕር ማዶ ለምትወጡም ነው።

ልጄ ውባለም ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጓዳ ውስጥ ጋቢ ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። ጾሙ ሲገባ ከምግብ እንደራቀች ጾሙ ሲወጣም አልተመለሰችም። የንስሐ አባታችን ጎንበስ ብለው አዩዋትና፣

"ተያት ልጄ፣ አታስገድጃት። አንዳንዱ ጾም ቀኑ ሲያልቅ አያልቅም፤ በረከት ነው" አሉኝ።

"ከትናንት ወዲህ ውሃ ብቻ ነው የቀመሰች፣ አባ።"

"እኔ በሷ ዕድሜ በጾም ቆሎ እየሰረቅሁ እበላ ነበር፤ ይኸው ቄስ ሆንኩ። እሷማ ምን ልትሆን ነው?"

ቤቱ ሳቀ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና "ቁርጥ አለሚቱን" አለች። አለሚቱ የእናቴ ታናሽ እህት ነበረች፤ እኔ ሳልወለድ፣ ገና በልጅነቷ የሞተች። እኔ ያደግሁት "እንደ አለሚቱ ሁኚ" እየተባልኩ ነው። ድምጿ ከደጅ የማይሰማ፣ ማዕድ ፊት የማትስገበገብ፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሣ። እናንተም ተቀባበላችሁ፤ ጨዋ፣ የጨዋ ልጅ፣ እናቷን የመሰለች።

እኔም ኮራሁ። ይህን መዝለል እችል ነበር፤ ግን እናንተን ልቆጣ ከተነሣሁ ከራሴ መጀመር አለብኝ። ልጄ ታማ ተኝታ፣ እኔ ስለ አስተዳደጌ ምርቃት እቀበል ነበር።

ምልክቱ አልጠፋንም ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለች በአንድ መንፈቅ ሦስት ደብተር ጣለች። መምህሯ ጠርቶ "አካሏ ክፍል ነው፣ ልቧ ተራራውን ተሻግሮ በየዳ ወርዷል" አለኝና ልጆቹ ፊት ጠጠር ላይ አንበረከካት። እኔ እጁን አልያዝኩትም። እንዲያውም ቤት ስንገባ አንድ ገጽ አሥር ጊዜ እንድትገለብጥ አዘዝኳት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ውባለምን አዝዬ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ እሷን በግራ እጄ እየደገፍኩ በቀኜ ሀ ሁ ስጽፍ ልጆች ስቀውብኛል። መጽሐፍ በልመና ተውሼ ያነበብኩ ሴት፣ መጽሐፍ ተገዝቶላት አንድ ገጽ መጨረስ የማትችል ልጅ ስትወጣብኝ ስንፍና መሰለኝ። አራተኛው ግልባጭ ላይ መስመሩ ተዛብቶ ከገጹ ወጣ። ቀድጄ እንደገና አስጀመርኳት። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አይቻለሁ።

የተጓዝን ዕለት አውቶብሱ ዳባት ሲደርስ ወርዳ አልመለስም አለች። ትንፋሿ አጠረ፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ ደረቷን በሁለት እጇ ያዘች። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "እመቤት፣ ልጅቷ ፈረንጅ አገር በእግሯ ነው እንዴ የምትሄድ?" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። አንዷ እናት ሎሚ አቀበለችኝና "መኪና አልለመደች ይሆናል" አለች። ውባለም ግን አባቴ ዘንድ ዓዲ አርቃይ ስንወርድ ስንት ጊዜ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በመስኮት እየሳቀች ወርዳለች። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ሎሚውን አስሸተትኳትና ጎትቼ አስገባኋት።

ባሌ ከዚያ ስድስት ዓመት ቀድሞ በሱዳን በኩል ወጥቶ ኖርዌይ ገብቷል፤ በቤተሰብ ማቀላቀል የጠራን እሱ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት፣ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች። የአገሬ ልጆች ስለ ብርዱ ሲያለቅሱ እኔ አብሬ አላለቀስኩም፤ የደባርቅን የኅዳር ንፋስ የቀመሰ ሰው ብርድ አያስደነግጠውም። ያስደነገጠኝ ሰላምታው ነው። እኛ አገር ሰላምታ የላሟን፣ የማሳውን፣ የጉልበቱን ሕመም ሳይጠይቅ አያበቃም፤ እዚህ "ሃይ" ብለው ያልፋሉ። አገሬን በዚህ እያስበለጥኩባቸው ተጽናናሁ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ያ ሁሉ ረጅም ሰላምታችን ልጄን አንድ ቀን "አንቺስ ምን ሆንሽ?" ብሏት አያውቅም።

የዚህ አገር ክረምት፣ ጨለማው፣ ሲገባ ውባለም ትምህርት ቤት መሄድ ተወች። መጋረጃዋን ዘግታ ትተኛለች። አባቷ ከፋብሪካ ሲመለስ በሩ ላይ ይቆምና "ስድስት ዓመት ዓሣ ስከትፍ ኖሬ ያመጣኋት ልትተኛ ነው?" ይላል። ለኔ ይበል ለበሩ አላውቅም።

መጀመሪያ ነገሬ ያለችው ማን መሰለቻችሁ? አከራያችን። ላይኛው ፎቅ የምትኖር ቀጭን አሮጊት ናት፤ አንድ ቀን የበራችንን ቃጭል ደወለች።

"የዚያ ክፍል መጋረጃ ሦስት ሳምንት አልተከፈተም" አለችኝ።

"ውሉ ላይ መጋረጃ ይከፈት የሚል የለም" አልኳት። ውሉን መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ቃል በቃል አንብቤዋለሁ።

"አየር ካልገባ መስኮቴ ይሻግታል።"

"ልጄ ተኝታለች።"

"ሦስት ሳምንት?"

እሷ የፈራችው ለመስኮቷ እንጨት ነው። ቢሆንም ቀኑን ቆጥራለች። እናንተ፣ እኔም ጭምር፣ አልቆጠርንም ነበር።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ነርስ ሦስታችንን ጠራችን፤ አባቷ ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ። አስተርጓሚ፣ እነሱ ቶልክ የሚሉት፣ በስልክ ገባ። የአገራችን ሰው ነው፤ ድምፁ የተከበረ፣ የሽማግሌ ድምፅ።

ነርሷ አንገቷን የደፋችውን ውባለምን አየቻት፣ ራሷን ነቀነቀች። ቶልኩ "በባህላችሁ ልጃገረድ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኗን አታነሣም አይደል፣ አንብቤያለሁ ትላለች" አለን። እኛን ሳይጠይቅም "ያ፣ ያ"፣ አዎ አዎ፣ ብሎ መለሰላት። ደስ ብሏት ጻፈች። ደባርቅ ጨዋነት ያሉትን እዚህ ባህል አሉት፤ ልጄ እንደሆነ ሁለቱም ጋ አልታየችም።

ከዚያ ነርሷ ወረቀቷን ተከትላ ጠየቀች፤ ቶልኩ አቀበለን፤ መኖር ያስጠላሻል ወይ?

ውባለም ጠረጴዛውን እያየች "ባልኖር ይሻላል እላለሁ። ሁልጊዜ" አለች።

ቶልኩ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ "የኔ ልጅ፣ እንዲህ አይባልም፣ ነውር ነው። እነዚህ ሰዎች ሰምተው ከእናትሽ ይነጥቁሻል። እኔ አስተካክዬ እነግራታለሁ" አለ። ለነርሷም ተናገረ። ከተናገረው ውስጥ "ስሊተን" የሚለውን ቃል ያዝኩ። ስሊተን ደከመኝ ማለት ነው፤ ከሥራ የገባ ሰው የሚለው። ነርሷ "ስሊተን" ብላ ጻፈች።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ከኛ እንደ አንዱ ነው፤ ገመና መሸፈን ጽድቅ መስሎት አድጓል። በሱ ቦታ አንዳችሁም ብትሆኑ ያንኑ ታደርጉ ነበር። እኔም የልጄን መነጠቅ ፈርቼ፣ አንድ አፍታ፣ ዝም ልል ነበር። ግን አራተኛው ግልባጭ ላይ የተንቀጠቀጠው እጅ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"ስሊተን አላለችም" አልኩ በአማርኛ።

"እመቤት፣ ለእናንተው ብዬ እኮ ነው…"

"ያለችውን ንገሯት፣ ጌታዬ። ካልሆነ እኔ እነግራታለሁ።"

አልነገራትም። በሕይወቴ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሴት፣ አራት ወር በተማርኩት የተሰባበረ ቋንቋ፣ ነርሷን እያየሁ "ኢከ ስሊተን። ኢከ ሌቨ" አልኳት። ድካም አይደለም፣ መኖር አይደለም ማለቴ ነው። ሰዋስው የለውም፣ ልክ እንዳልሆነ ስናገረውም አውቃለሁ። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ውባለም ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗን ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነበር።

ማንም አልነጠቀኝም። ሐኪም ቤት ላኩን፤ አንዲት ሐኪም በየሳምንቱ ታናግራታለች፣ መድኃኒትም አላት። የልቧ መበተንም ስም አለው፤ ስንፍና የሚል ስም አይደለም። ፈተና በር አጠገብ ተቀምጣ፣ ሲጨንቃት እየወጣች ትወስዳለች። ማታ ማታ ግማሽ ገጽ አብረን እናነብባለን፤ ከዚያ ተነሥታ ትዞራለች፣ እኔ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ እጠብቃታለሁ። አልዳነችም። መጋረጃው የማይከፈትበት ሳምንት አሁንም አለ። ያን ጊዜ ገብቼ አልጋዋ ጫፍ እቀመጣለሁ። ምክር አልሰጥም።

ባለፈው ፍልሰታ እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

"ውባለሜ ትጾማለች?" አለች።

"አትጾምም፣ እምዬ። ትበላለች። ሐኪሟ ብይ ብላታለች።"

"በስመ አብ። ያች ጨዋ ልጅ?"

"ጨዋ አልነበረችም፣ ታማ ነበር። አሁን ትጮኽብኛለች፣ በር ትዘጋብኛለች። እኔ ደስ ብሎኛል።"

ከበስተኋላዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል። ሳላስበው ከአፌ ወጣ፣

"እምዬ፣ አለሚቱ ምን ሆና ነው የሞተች?"

ዝናቡ ብቻ ቀጠለ። የሄደች መሰለኝ።

"ጾም ነው ልጄ" አለች በመጨረሻ። "በጾም እንዲህ ያለ አይወራም። ይፈታና እነግርሻለሁ።"

ጾሙ ተፈታ። ደወልኩ። ስለ ገብሱ ነገረችኝ፣ አረም እንዳጠቃው፣ ጭጋጉ አልነሣ እንዳለ። እህቷን አላነሣችም። በየእሑዱ እደውላለሁ፤ በየእሑዱ ያንኑ እጠይቃለሁ።